አውስትራሊያና በኑክሌር ኃይል የሚሄዱት ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች

ዛሬ የምንነጋገረው ከእኛ በጣም ስለምትርቅ አገር፣ ስለ አውስትራሊያ ነው። ካርታ ያላችሁ ዘርጉና ከእስያ በስተደቡብ ምሥራቅ ተመልከቱ። ዙሪያዋን ውቅያኖስ የከበባት ሰፊ ምድር ታገኛላችሁ። ስፋቷ የአገራችንን ሰባት እጥፍ ያህላል፤ ሕዝቧ ግን 27 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የእኛን ሩብ እንኳ አይሞላም። የባሕር ዳርቻዋ ከ30 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ጥቂት ሕዝብ ይህን ሁሉ ባሕር በምን ይጠብቃል? የነገሩ መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው።

በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2021 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንና የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ስኮት ሞሪሰን በየአገራቸው ሆነው በቴሌቪዥን አንድ ላይ ቀረቡ። አውከስ የሚባል ስምምነት መመሥረታቸውን ነገሩን። ስሙ ከሦስቱ አገሮች ስም ፊደላት የተውጣጣ ነው። በስምምነቱም መሠረት አውስትራሊያ በኑክሌር ኃይል የሚሄዱ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች እንዲኖሯት ሁለቱ ወዳጆቿ ሊረዷት ቃል ገቡ።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት መርከቡን ራሱን እንወቀው። ብዙዎቻችን ባሕር እንኳ አይተን አናውቅም። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ማለት ከውኃ በታች ጠልቆ የሚሄድ የጦር መርከብ ነው። ኃይሉ ሁሉ አለመታየቱ ላይ ነው። ይህን በክፍል ሳስተምር አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና፣ «ጋሼ፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች በምን ይተነፍሳሉ?» አለኝ። ልጁ ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘው። ሰዎቹ ብቻ እኮ አይደሉም፤ ሞተሩም ይተነፍሳል።

አጭር ሻማ ለኩሱና ብርጭቆ ድፉበት። ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፣ አይደል? አየር አጥቶ ነው። የናፍጣ ሞተርም እንደዚሁ አየር ካላገኘ አይሠራም። ስለዚህ የናፍጣው ሰርጓጅ መርከብ ጠልቆ በሚሄድበት ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው ባትሪ ነው። ባትሪው ሲደክም ወደ ላይ ቀረብ ይልና አንድ ቧንቧ ከውኃው በላይ ያወጣል። በቧንቧው አየር እየሳበ ሞተሩን ያስነሣል፤ ባትሪውንም ይሞላል። ቧንቧው ብቅ ባለ ቁጥር ጠላት ሊያየው ይችላል።

በኑክሌር የሚሄደው ግን የሚነድ ነዳጅ የለውም። ሪአክተር በሚባለው ምድጃ ውስጥ የዩራኒየም አተሞች ሲሰነጠቁ ብርቱ ሙቀት ይወጣል። ሙቀቱ ውኃን ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ እንፋሎቱም ተርባይኑን ያዞራል። ለዚህ ሁሉ አየር አያስፈልግም። ለሰዎቹም ቢሆን ኤሌክትሪኩ ከውኃ ውስጥ ኦክስጅን ለይቶ ያወጣላቸዋል። እንግዲህ መርከቡን ወደ ወደብ የሚመልሰው የምግብ ማለቅና የሰው መድከም ነው። ከራሷ ወደብ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ መጠበቅ ለምትፈልግ አገር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለይታችሁ ያዙ፤ ብዙ ሰው ይደባልቀዋል። በኑክሌር የሚሄድ ማለት የኑክሌር ቦምብ የተሸከመ ማለት አይደለም። አውስትራሊያ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ውል በ1970 ፈርማ በ1973 አጽድቃለች። ቦምብ አልፈልግም፣ የምፈልገው ሞተሩን ነው ትላለች።

ታዲያ ሞተሩን ለምን ገዝታ አትወስድም? ይህ ሞተር በገበያ የሚሸጥ አይደለም፤ በዓለም ላይ ያላቸው አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የመጀመሪያዋን መርከብ፣ ኖቲለስ የምትባለውን፣ በ1955 ወደ ባሕር ያወጣችው አሜሪካ ነበረች። በ1958 አሜሪካና እንግሊዝ የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ፤ እንግሊዝም የመጀመሪያዋን የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቧን፣ ድሬድኖትን፣ አሜሪካ ሠራሽ ሪአክተር ገጥማ በ1960 ባሕር ላይ አወረደች። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ይህን ምሥጢር ለሌላ አገር ሳታካፍል ከስድሳ ዓመት በላይ ኖረች።

ካናዳም አንድ ጊዜ ሞክራ ነበር። በ1987 ከ10 እስከ 12 የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ልግዛ ብላ አቀደች። ምርጫዋ ከእንግሊዝ ወይም ከፈረንሳይ ነበር። የእንግሊዙን ለመውሰድ የአሜሪካ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ከአሜሪካ የተገኘ ዕውቀት አለበትና። አሜሪካኖች ደግሞ ነገሩን አልወደዱትም። ወጪውም ከበዳት። በ1989 ዕቅዱን ሰረዘችው። ይህችን የካናዳን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ወደ አውስትራሊያ እንመለስ። ድሮ ጠባቂዬ የምትላት እንግሊዝን ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን እምነት ሰበረው። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 የእንግሊዝ ታላቅ የጦር ሰፈር የነበረችው ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ወደቀች። ከአራት ቀን በኋላ የጃፓን አውሮፕላኖች ዳርዊንን ደበደቡ። በዚያው ዓመት ሜይ 31 ሌሊት ሦስት ትናንሽ የጃፓን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሲድኒ ወደብ መጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ በተኮሰው ቶርፔዶ የመርከበኞች ማደሪያ የነበረች መርከብ ሰጥማ 21 መርከበኞች ሞቱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ከርቲን ገና በዲሴምበር 1941 አገራቸው ፊቷን ወደ አሜሪካ እንደምትመልስ ተናግረው ነበር። በ1951ም አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና አሜሪካ የመከላከያ ውል ተፈራረሙ።

ወዳጅነት ግን ዋጋ አለው። ከ1952 እስከ 1957 እንግሊዝ በአውስትራሊያ ምድርና ደሴቶች ላይ 12 ትላልቅ የአቶሚክ ቦምብ ሙከራዎችን አድርጋለች። ማራሊንጋ በሚባለው በረሃ አካባቢ አቦሪጂን የሚባሉት ነባር ሕዝቦች መሬታቸው ተመርዞባቸዋል። ነገሩ በመርማሪ ኮሚሽን በወጉ የተመረመረው ገና በ1984ና በ1985 ነው። ዛሬም ኑክሌር የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ አውስትራሊያውያን ፊታቸው የሚለወጠው በከንቱ አይደለም። በአገሪቱ ከኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጨት በሕግ የተከለከለ ነው። ሲድኒ አጠገብ ካለው አንድ የምርምር ሪአክተር በቀር ሌላ የላትም።

ሰርጓጅ መርከብስ ነበራት፤ የናፍጣ። በመጀመሪያ ስድስት ከእንግሊዝ ገዛች። ቀጥሎ በስዊድን ንድፍ ኮሊንስ የሚባሉ ሌሎች ስድስት አደሌይድ በምትባለው ከተማዋ ሠራች። እነርሱም እያረጁ ሲሄዱ በ2016 ፈረንሳይን መረጠች፤ 12 አዳዲስ መርከቦች፣ ግምቱ 50 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ፈረንሳዮች ያቀረቡት ንድፍ መነሻው በኑክሌር የሚሄድ መርከባቸው ነበር። አውስትራሊያ፣ «የኑክሌሩን አውጡና የናፍጣ ሞተር አድርጉልኝ» አለች። የኑክሌሩን መርከብ ወደ ናፍጣ ለመለወጥ ዓመታት ተደከመ፤ ወጪው ወደ 90 ቢሊዮን ተጠጋ። ከዚያ በኋላ፣ «ለካስ የምፈልገው የኑክሌር ነው» አለች!

ምን ተለወጠ? አንደኛ፣ ቻይና ናት። በመርከብ ብዛት የዓለም አንደኛ የሆነ የባሕር ኃይል ሠራች። በ2020 አውስትራሊያ የኮሮና በሽታ አመጣጥ ይመርመር ባለች ጊዜ ቻይና በገብሷና በወይን ጠጇ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች። ሁለተኛ፣ ለካናዳ ያልተከፈተው በር ለአውስትራሊያ ተከፈተ፤ አሜሪካ ምሥጢሯን ለማካፈል ፈቀደች። የፈረንሳዩን የኑክሌር መርከብ ለምን አልወሰደችም የምትሉ ትኖራላችሁ። የፈረንሳዩ ሪአክተር በየጊዜው ነዳጁ መለወጥ አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ኢንዱስትሪ አውስትራሊያ የላትም። የአሜሪካና የእንግሊዝ ግን ነዳጁ አንድ ጊዜ ገብቶ ይታሸጋል፤ መርከቡ እስኪያረጅ ድረስ፣ ከ30 ዓመት በላይ፣ አይከፈትም።

ምክንያቱ ይህ ይሁን። አደራረጉን ግን ተመልከቱ። ኦገስት 30 ቀን 2021 የፈረንሳይና የአውስትራሊያ ሚኒስትሮች ተሰብስበው የሰርጓጅ መርከቡን ሥራ አስፈላጊነት የሚያረጋግጥ መግለጫ አብረው አወጡ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ውሉ ፈረሰ። ፈረንሳዮች ያወቁት ለሕዝብ ሊነገር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ዣን ኢቭ ለድሪያን ከጀርባ እንደ መወጋት ነው አሉ። ሴፕቴምበር 17 ቀን ፈረንሳይ አምባሳደሮቿን ከካንቤራና ከዋሽንግተን ጠራች። ከአሜሪካ አምባሳደር ስትጠራ በታሪኳ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ስንት ዘመን የኖረ ወዳጅነት ነው እኮ! አውስትራሊያ በ2022 ለፈረንሳዩ ኩባንያ 555 ሚሊዮን ዩሮ ካሣ ከፈለች። በጠቅላላው ለማይሠራው መርከብ የወጣው ገንዘብ ወደ 3.4 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነው። እኔ በበኩሌ ውል ማፍረስ አንዳንዴ ግድ ሊሆን ይችላል እላለሁ፤ ወዳጅን በዚያ አኳኋን ማሳወቅ ግን ግድ አልነበረም።

ማርች 13 ቀን 2023 ሳን ዲዬጎ ላይ ዝርዝሩ ወጣ። በዚያን ጊዜ ባይደን ቢኖሩም የእንግሊዙ ሪሺ ሱናክ፣ የአውስትራሊያው አንቶኒ አልባኒዚ ሆነው ነበር። ከ2027 ጀምሮ የአሜሪካና የእንግሊዝ መርከቦች በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ አጠገብ ካለው የጦር ወደብ እየተፈራረቁ ይቆማሉ። ከ2030ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚባሉትን ሦስት መርከቦች ትሸጣለች፤ ካስፈለገም ሁለት ትጨምራለች። በኋላ ደግሞ በእንግሊዝ ንድፍ አዲስ ዓይነት መርከብ አደሌይድ ውስጥ ይሠራል፤ የመጀመሪያው የሚደርሰው በ2040ዎቹ መጀመሪያ ነው። ወጪው እስከ 2050ዎቹ አጋማሽ ከ268 እስከ 368 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተገምቷል።

ሁሉም አልወደደውም። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ኪቲንግ፣ ያውም የአልባኒዚ ፓርቲ ሰው፣ በአደባባይ ወጥተው ነቀፉት። ኒውዚላንድ በ1987 ባወጣችው ሕግ መሠረት እነዚህ መርከቦች በግዛቴ ውኃ አይገቡም አለች። ቻይናም ተቃወመች፤ ቦምብ የሌለው አገር ለቦምብ የሚበቃ ዩራኒየም በመርከብ ሞተር ውስጥ ሲቀበል ይህ የመጀመሪያው ነው። ያገለገለውን ነዳጅ የማስቀመጥ ኃላፊነትም የአውስትራሊያ ነው፤ መርዙም እጅግ ረጅም ዘመን ይኖራል።

አሁን የካናዳዋን ነገር አስታውሱ። የሌላ አገር ምሥጢር ያለበትን ሞተር ለማግኘት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል ብለን ነበር። በዲሴምበር 2023 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ሽያጩን ፈቀደ፤ ግን መርከቦቹ ከመተላለፋቸው በፊት በዚያን ጊዜ ያለው ፕሬዚዳንት ዝውውሩ የአሜሪካን የባሕር ኃይል እንደማያዳክም ማረጋገጥ አለበት። አሜሪካ ለራሷ በዓመት ሁለት መርከብ ለመሥራት ብታቅድም በቅርብ ዓመታት ያጠናቀቀችው ከአንድ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ አውስትራሊያ የአሜሪካን የመርከብ መሥሪያዎች ለማጠናከር 3 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለመስጠት ተስማማች፤ የመጀመሪያውን 500 ሚሊዮን በ2025 መጀመሪያ ከፈለች። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ስምምነቱን እንደገና መረመረ። በኦክቶበር ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለአልባኒዚ ሥራው ይቀጥላል አሏቸው። የሽያጩን ወረቀት የሚፈርመው ግን ከእርሳቸው በኋላ የሚመጣው ነው፤ ማን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ያም ሆነ ይህ ሰው ማሠልጠኑ ተጀምሯል። በ2023 የመጀመሪያዎቹ ሦስት አውስትራሊያውያን መኮንኖች በአሜሪካ የባሕር ኃይል የኑክሌር ትምህርት ቤት ተመረቁ። ለእኔ ለመምህሩ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። በ2040ዎቹ አደሌይድ ላይ ተሠርታ የምትወጣውን የመጀመሪያዋን መርከብ የሚነዱት አብዛኞቹ መርከበኞች ዛሬ ፊደል በመቁጠር ላይ ያሉ ሕፃናት ናቸው። ሪአክተሩ ታሽጎ በመርከብ ተጭኖ ይመጣል፤ እነርሱ ግን እዚያው አገራቸው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ፣ ሒሳብና ፊዚክስ መማር አለባቸው።