የመስክ ተሽከርካሪ ካሜራ

የመስክ ተሽከርካሪ ካሜራ እንደ ቶዮታ ላንድክሩዘር ባሉ ከፍ ያሉ መኪናዎች ላይ ተገጥሞ፣ ሹፌሩ በስፖኪዮ የማያየውን ቦታ በስክሪን የሚያሳይ ወይም ጉዞውን የሚቀርጽ መሣሪያ ነው። ከፋብሪካ ተገጥሞ ይመጣል፤ በአሮጌ መኪና ላይም የመኪና ኤሌትሪሺያን ሊገጥመው ይችላል።

አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1956 ለትርኢት የቀረበው ቡይክ ሴንቱሪዮን በኋላ መስተዋት ፋንታ የቴሌቪዥን ካሜራ ነበረው። በአሜሪካ ወደ ኋላ በሚሄዱ መኪናዎች ብዙ ሕፃናት በመገጨታቸው፣ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚመረቱ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ተደነገገ። ካሜራው ከመኪናው በስተኋላ 3 ሜትር በ6 ሜትር የሚሆን ቦታ ማሳየት አለበት።

ዓይነቶች

* የኋላ ካሜራ፦ ከመኪናው ኋላ ዝቅ ብሎ ያለውን፣ በተለይ ሕፃንን፣ ድንጋይንና ቦይን ያሳያል።
* የፊት ካሜራ፦ ዳገት ጫፍ ላይ ኮፈኑ መንገዱን ሲጋርድ ይጠቅማል።
* የጎን ካሜራ፦ ጎማው ከገደል ወይም ከቦይ ጠርዝ ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል።
* ዳሽካም፦ በፊት መስተዋት ላይ ሆኖ ጉዞውን ይቀርጻል፤ ማከማቻው ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ ይቀጥላል።

አገጣጠም

የኋላ ካሜራ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ማርሽ መብራት ነው። ሹፌሩ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ መብራቱና ካሜራው አብረው ይበራሉ፤ ምስሉም ክሩስኮት ላይ ወዳለው ስክሪን ይሄዳል። የኋላ ካሜራ ምስል እንደ መስተዋት የተገለበጠ ነው። ስለዚህ ለፊት የተሠራ ካሜራ ከኋላ ቢገጠም ግራና ቀኝ ይምታታል።

ከመግጠም በፊት የመኪናው ቮልት ይለካል። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ካሜራ በ24 ቮልት መኪና ላይ ያለ መቀነሻ ከተያያዘ ሊቃጠል ይችላል። ስኮርታ ጎማ በኋላ በር ላይ በተሰቀለበት መኪና፣ ጎማው እይታውን እንዳይጋርድ ቦታው ይመረጣል። በበሩ ማጠፊያ በኩል የሚያልፍ ገመድ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ በላስቲክ ካልተሸፈነ ውሎ አድሮ ይበጠሳል።

አይፒ 67 የሚል ደረጃ ያለው ካሜራ አቧራ አያስገባም፤ 1 ሜትር ውኃ ውስጥም ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል። ይህ ግን በላቫጆ በኃይል ለሚረጭ ውኃ ዋስትና አይሆንም።

በአራዳና በፒያሳ

አራዳ ክፍለ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት የአዲስ አበባ አሮጌ ክፍል ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ዋና ዋና መንገዶች ቢሰፉም፣ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ መኪና መዞሪያ አጥቶ ወደ ኋላ መውጣት ሊኖርበት ይችላል።

በስክሪኑ ላይ የሚታዩት የርቀት መስመሮች የሚሰሉት ለሜዳ ነው። ከመኪናው ኋላ ያለው መሬት ዳገት ከሆነ፣ በዚያ ያለ ሰው ወይም ግንብ ከእውነተኛው ርቀት የራቀ መስሎ ይታያል፤ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ የቀረበ ይመስላል። ከመሬት ከፍ ብሎ የወጣ ነገር፣ ለምሳሌ የጭነት መኪና ጫፍ፣ እንዲሁ የራቀ ይመስላል። ስለዚህ ከቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ባሉት ዳገቶች ላይ መስመሩን ብቻ አምኖ ወደ ኋላ መሄድ ያስገጫል። ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ በቃ» የሚል ሰው ካሜራ ባለው መኪናም አስፈላጊነቱ አይቀርም።

የግል መረጃ

የኋላ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ያሳያል እንጂ አይቀርጽም። ዳሽካም ግን የመንገደኞችን ፊትና የመኪና ታርጋ ያስቀራል። በኢትዮጵያ የግል መረጃ አያያዝ የሚመራው በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው።