ተቀባዩ ማሽን

ባሕር ዳር ለሙዚቃ ታሪካችን የዋለችው አንድ ውለታ አለ፤ እምብዛም አይወሳም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ የአፍሪካ ካሴቶች አሰባሳቢ አሜሪካዊ በዚህች የጣና ዳር ከተማ አሮጌ ካሴቶች ሲያገላብጥ የኃይሉ መርጊያን አንድ ሥራ አገኘ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እያሽከረከሩ ይኖሩ የነበሩት አንጋፋ ሙዚቀኛ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሱ። ሰዎቹ ባሕር ማዶ፣ ካሴቱ ጣና ዳር፤ የስደታችን ሙዚቃ ታሪክ እንዲህ የተዘበራረቀ ነው።

ይህን ካሴት ያነሳሁት ስለ ዜማው ውበት ብቻ አይደለም፤ የአሠራሩ ነገር ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ሰው ናቸው። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት የናስ መሣሪያ ነፊው፣ ጊታሪስቱ፣ ከበሮ መቺው ሁሉም በየወንበሩ ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ነበሩ። ታዲያ ያን ካሴት ሲሠሩ ባንድ የለም። ያለው የአንድ የሚያውቁት ሰው ትንሽ ስቱዲዮ፣ ከወጣትነት ዘመን የሚያውቁት አኮርዲዮን፣ ሮድስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ነው። አንዱን ቀርጸው በላዩ ሌላውን ደረቡ። አኮርዲዮኑ የድምፃዊውን ቦታ ያዘ፤ ሲንተሳይዘሩ ደግሞ የተቀባዮቹን። እኔ እንደምሰማው ያ ካሴት አንድ ሰው ራሱ አውጪ፣ ራሱ ተቀባይ ሆኖ የዘፈነበት ነው። ዛሬ በየመኝታ ቤቱ በኮምፒዩተርና በአንድ ማይክራፎን ዘፈን የሚቀርጹት ወጣቶች፣ ሃርሞናይዘር በሚሉት መሣሪያ የራሳቸውን ድምፅ አራትና አምስት እያደረጉ የሚያጅቡት፣ የዚያ ካሴት የልጅ ልጆች ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ተቀባይ ማለት በእኛ አገር ዘፈን ውስጥ ተራ አጃቢ አይደለም። የሠርግ ዘፈን ያለ ተቀባይ አይዘፈንም፤ አውጪዋ ስንኙን ትጥላለች፣ ሚዜውና ጎረቤቱ እያጨበጨበ ያነሳዋል። ተቀባዮቹ ግን እንደ ፈረንጅ መዘምራን አንዱ በወፍራም፣ አንዱ በቀጭን የተለያየ መስመር ይዘው አይሄዱም። ሁሉም አንዱን ዜማ ይዘፍናሉ፤ ወንዱ ዝቅ ብሎ፣ ሴቷ ከፍ ብላ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቅላጼ። በጣና ገዳማትም ቢሆን ደባትሩ በማኅሌት ሲቆሙ ዜማው አንድ ነው፤ ጉሮሮው ግን ብዙ። ውፍረቱ የሚመጣው ከዚያ ከትንሽ ትንሽ ልዩነት ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰው ሠራሽ ድምፅ ራሱ ለእኛ ባዕድ አይደለም ብዬ አምናለሁ። መሲንቆ ምንድን ነው? አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ በቆዳ የተለበጠ ሳጥንና ደጋን። የጎጃም አዝማሪ መሲንቆውን የሚያስጮኸው ድምፁን ተከትሎ እንዲያንጎራጉር፣ ቃሉን ሊደግም ምንም እስኪቀረው ድረስ ነው። መሲንቆው ተናገረ ይባላል። ዋሽንትም እንዲሁ። ስለዚህ ማሽን ሰው መሰለ ተብሎ የሚነሣው ድንጋጤ እኛን እምብዛም ሊይዘን አይገባም።

ፈረንጆቹ ወደዚህ የመጡት በስልክ በኩል ነው። ሆመር ደድሊ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ የሰው ንግግር በቀጭን ሽቦ ተጨምቆ እንዲተላለፍ ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በየረድፉ የሚከፋፍል መሣሪያ ሠራ፤ ቮኮደር ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርኩ የዓለም ትርኢት ላይ ቮደር የተባለውን ወንድሙን አሳዩ፤ ለዚሁ የሠለጠኑ ሴቶች እንደ ፒያኖ በጣትና በእግር እየተጫወቱ ማሽኑን ያናግሩት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቮኮደር የመሪዎችን የስልክ ንግግር ለመሰወር አገለገለ። ወደ ሙዚቃ የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በቤት ውስጥ ቀረጻ በኩል ግን ፈር ቀዳጆቹ ሌስ ፖልና ባለቤቱ ሜሪ ፎርድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጡት ዝነኛ ዘፈን የሜሪ ድምፅ በላዩ ላይ እየተደረበ ከአንዲት ሴት የብዙ ሴቶች ዝማሬ ተሠራ፤ የተቀረጸውም በመኖሪያ ቤታቸው ነው። ያ ግን ድካም ነበረው፤ ሜሪ እያንዳንዷን መስመር በጉሮሮዋ መዝፈን ነበረባት። ይህን ድካም ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ1975 ኢቨንታይድ የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ሃርሞናይዘር ነው። አንድ ጊዜ ዘፍነህ ስትሰጠው ድምፅህን እስከ አንድ ኦክታቭ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ አብሮህ ያዘፍነዋል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1997 በነዳጅ ፍለጋ የመሬት ንዝረት ሲያጠና የኖረው አንዲ ሂልደብራንድ አውቶቱንን አመጣ። የሳተውን ድምፅ ወደ ልኩ የሚመልስ፣ ሲያበዙበት ደግሞ ሰውን ሮቦት የሚያስመስል መሆኑን የሼር ዘፈን በዓመቱ ለዓለም አሰማ። እ.ኤ.አ. በ2004 ያማሃ ቮካሎይድን አወጣ፤ እሱ ጭራሽ ዘፋኝ አያስፈልገውም፤ ግጥሙንና ዜማውን ጽፈህ ትሰጠዋለህ፣ ይዘፍናል።

እኛ ዘንድ ደግሞ መንገዱን የጠረገው ኪቦርድ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጨዋታ ሲያኮስሰው፣ ሸክላው በካሴት ሲተካ፣ ብዙ ነፊዎች የነበሩበት ባንድ እየሳሳ ሄዶ በሰባዎቹ መጨረሻ የናሱንም የክራሩንም ድርሻ አንድ ኪቦርድ መሸፈን ጀመረ። ከኪቦርዱ ድምፆች መካከል አንዱ «ኳየር» የሚባለው ነበር፤ አፍ የሌለው ሕዝብ «አ» ሲል የሚመስል። ኮምፒዩተር በየቤቱ ሲገባ ሃርሞናይዘሩም አውቶቱኑም በአንድ ሶፍትዌር ተጠቅልለው መጡ። ተቀባዮች ተሰብስበው መምጣታቸው፣ ማጥናታቸው፣ የታክሲና የምሳ ወጪያቸው ቀረ። አብሮም እንጀራቸው ቀረ። ይኼኛውን ነገር በቀላሉ የሚያልፉ ሰዎች ያስገርሙኛል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ሃርሞናይዘር ከፋብሪካ ሲወጣ በልቡ የያዘው የፈረንጅ ስኬል ነው፤ ሰባቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ። «ሦስተኛ ጨምርልኝ» ብለህ ስታዘው አንድ ድምፅ ዘሎ ያለውን ይደርባል። ትዝታ ግን አምስት ድምፅ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ዘፋኙ ዶ ሲል ማሽኑ ሚ ይላል፣ መልካም ነው። ሬ ሲል ግን ፋ ይላል፤ ሶል ሲል ደግሞ ሲ። ፋም ሲም በትዝታ ቤት የሉም! ጆሮ ያለው ሰው ስሙን ባያውቀውም አንዳች የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የመሰለ ነገር ወደ ዘፈኑ እንደገባ ይሰማዋል። አንቺ ሆዬ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ፤ እነዚህን አምስቱን አንድ ላይ የያዘ ማጆር ስኬል የለም። ስለዚህ ማሽኑን የትኛውም ማጆር ላይ ብታቆመው ቢያንስ በአንዱ ድምፅ ከዘፋኙ ጋር ይጣላል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ነርሲስ ናልባንዲያን የአገራችንን ዜማ ለኦርኬስትራ ሲያቀናብሩ፣ ሙላቱ አስታጥቄም በስድሳዎቹ የፈረንጅ ዘመን አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ለማስማማት ሲጥር የገጠማቸው ይኸው ነው፤ ቅኝቱ ጣዕሙን ሳያጣ ሌላ ድምፅ ከሥሩ እንዴት ይግባ? ልዩነቱ እነሱ እያንዳንዷን ኖታ በጆሯቸው መዝነው ማስገባታቸው ነው። ማሽኑ አይመዝንም።

መላ ግን አለው። በቅኝቱ ውስጥ ብቻ እየዘለሉ መደረብ ይቻላል፤ ለዶ ሚ፣ ለሬ ሶል፣ ለሚ ላ፣ ለሶል ዶ፣ ለላ ሬ። ያኔ ከአንዱ በስተቀር የሚፈጠረው ርቀት ሁሉ አራተኛ ይሆናል፤ ደረቅ ያለ፣ እምቢልታ እምቢልታ የሚል፣ ለእኛ ጆሮ የማይጎረብጥ ድምፅ። በአውቶቱን ውስጥም ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች ሰባቱን አጥፍቶ የቅኝቱን አምስት ብቻ መተው ይቻላል። ይህም ሆኖ ፍጥነቱን ካበዙት የዘፋኙ ቅላጼ፣ ያ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚወርደው፣ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሰበራል። ለእኔ ጆሮ ከሁሉም የሚበልጠው ቀላሉ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ አንድ ድምፅ፣ ከዚያም ዋናው ድምፅ ራሱ በቅንጣት ዘግይቶና በጥቂቱ ልኩን ስቶ ሲደረብ። ይህ ከላይ ያነሣሁት የተቀባዮች ውፍረት ነው፤ አንድ ዜማ፣ ብዙ ጉሮሮ።

ያለ ዘፋኝ የሚዘፍነው ማሽን ነገር ከዚህም ይከብዳል። አማርኛችን ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ የመሳሰሉ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዱ ድምፆች አሉት፤ ለጃፓንኛ ወይም ለእንግሊዝኛ የተሠራ ድምፅ አማርኛ እንዲዘፍን ቢያስገድዱት «ጠጅ»ን «ተጅ» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ የባሰው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ማለት ይሁን መኖሩን መግለጽ፣ አንባቢው ከነገሩ አያይዞ ይረዳል፤ ማሽን ግን አስቀድሞ ካልተነገረው አይለይም። የአዝማሪው ቅኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተደበቀው እዚያው ላይ ነው። አንዱን ቃል አላልቶ ሰሙን፣ አጥብቆ ወርቁን ይሰጣል፤ አንዳንዴም ሆን ብሎ በመካከል ይተወውና አድማጩ እንዲጨነቅ ያደርጋል። ማሽኑ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ በመካከል መቆየት አልተማረም።

በቅርቡ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ወጣት በክፍሉ የቀረጸውን የሠርግ ዘፈን አሰማኝ። ሃርሞናይዘሩን ከኪቦርዱ ጋር አያይዞታል፤ ማሽኑ በራሱ ፈቃድ አይደርብም፣ ልጁ በጣቱ የነካውን ድምፅ ብቻ ይዘፍናል፤ ልጁም የሚነካው የባቲን አምስት ብቻ ነው። የየስንኙ መጨረሻ ላይ ጣቱን ያነሣል። እዚያ ላይ የምትሰማው ማሽን አይደለም፤ እናቱና ሁለት ጎረቤቶቻቸው ናቸው፣ በአንድ ማይክራፎን ፊት ቆመው እያጨበጨቡ። አንደኛዋ ትንሽ ትዘገያለች። «ላስተካክለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ተወው አልኩት።