የጤና መድን ታሪክና የአጋሮ ቡና ለቃሚ

የማኅበራዊ መድን ታሪክ ሲወሳ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ጀርመንና ብሪታንያ ናቸው። በቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1883 የወጣው የጀርመን የሕመም መድን ሕግ መብቱን ከሥራ ጋር አያያዘ፤ ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍሉ ነበር። በአንጻሩ የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም ወጪው በዋናነት ከግብር ተሸፍኖ ሕክምናው ለነዋሪው ሁሉ ሆነ። የመጀመሪያው ሥርዓት «አሠሪህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው «የት ትኖራለህ?» ይላል።

ኢትዮጵያ ሁለቱንም መንገዶች ይዛለች። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 በቅጥር ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችም በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የጡረታ ዋስትና አገኙ። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣውም ለመደበኛ ተቀጣሪዎችና ለጡረተኞች ነበር። ለገበሬው ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ከእነዚህ አንዱ በጅማ ዞን የሚገኘው ቡና አብቃዩ ሊሙ ኮሳ ነበር። በዚህኛው አባልነቱ በቤተሰብ፣ ምዝገባውም በመኖሪያ ቀበሌ ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚፈተኑት እንደ አጋሮ ባሉ የቡና ከተሞች ነው። ከዳውሮና ከሌሎች አካባቢዎች ለለቀማ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የወቅት ሥራን ቢያውቅም በገበሬ ማሳ ላይ የጽሑፍ ውል እምብዛም አይታይም። የጤና መድን ቢኖረው እንኳ የተመዘገበው በትውልድ ቀዬው ነው። የአጋሮ እድርም የነዋሪዎቿ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት የለቀማ ወራት ደግሞ ወባ የሚበረታባቸው ናቸው። ሕመሙ ጠንቶ ሆስፒታል መተኛት ሲያስፈልግ ወጪው በራሱ ደመወዝና በጓደኞቹ መዋጮ ላይ ይወድቃል።

ይህ ክፍተት በኢትዮጵያ አልተጀመረም። የ1883ቱ የጀርመን ሕግ በዋናነት ያቀፈው የፋብሪካ ሠራተኞችን ነበር፤ የእርሻና የቤት ሠራተኞች በአገር አቀፍ ደረጃ የተካተቱት እ.ኤ.አ. በ1911 በወጣው የመድን ሕግ ነው። የኋለኞቹን ያስገባቸው የጊዜ መርዘም ሳይሆን እነርሱን በስም የጠራ ድንጋጌ ነው።

ለመደንገግ ግን አስቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል። በአጋሮም ሆነ በሊሙ የታካሚው ካርድ ላይ የመጣበት ወረዳና የወቅት ሥራው ካልሰፈሩ፣ ቡና ለቃሚው በጤና ጣቢያው ሪፖርት ውስጥ እንደማንኛውም ነዋሪ ተቆጥሮ ይታለፋል።