የሚያየን ግድግዳ

ሥዕል በቤተ መዘክር ሲሰቀል ተመልካቹ ፈልጎት ይመጣል። በአየር ማረፊያ ሲሰቀል ግን ተመልካቹ ሌላ ነገር ፍለጋ የመጣ ነው፤ የመሳፈሪያ በሩን፣ ሻንጣውን፣ የሚቀበለውን ዘመድ። ዓይኑ በሰዓቱ ላይ፣ ልቡ በመንገዱ ላይ ነው። ስለዚህም ለዚህ ስፍራ የሚሠራ ጥበብ ከልደቱ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ተሸክሞ ኖሯል፦ ሊያየኝ ላልመጣ ሰው እንዴት ልታየው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ያ ጥያቄ ከቀለም ተነሥቶ እስከ ኮምፒዩተር የተጓዘበትን መንገድ ላወሳ እወዳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከአንድ ስደተኛ መጀመር እመርጣለሁ። አርሺል ጎርኪ በሚል ስም የታወቀው ሠዓሊ በቫን ሐይቅ አጠገብ የተወለደ አርመናዊ ነው፤ የልደት ስሙ ቮስታኒክ አዶይያን ይባል ነበር። ከወገኖቹ እልቂት ተርፎ ተሰደደ፤ በ1919 እናቱ በየሬቫን ከተማ በረሃብ ሞተችበት፤ በ1920 አሜሪካ ገባ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መንግሥት ሥራ ላጡ ሠዓልያን ሥራ ሲያከፋፍል፣ ለጎርኪ የደረሰው በኒው ጀርዚ የሚገኘው የኒዋርክ አየር ማረፊያ ግድግዳ ነበር። አሥር ሥዕሎች ሠራ፤ በ1937 ተሰቀሉ። አውሮፕላንን እንዳለ አልሣለም፤ ክፍሎቹን ከአካሉ ነጣጥሎ እንደ አዲስ ቋንቋ ፊደላት ደረደራቸው። አገሩን በእግሩ ለቆ የወጣ ሰው የበረራን ደጅ እንዲያስጌጥ ዕጣ መውጣቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሠራዊቱ ሕንጻውን ሲረከብ ግድግዳዎቹ በቀለም ተለቀለቁ። ጎርኪ በ1948 ሞተ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በ14 ድርብ ቀለም ሥር ከሥዕሎቹ ሁለቱ ተገኙ፤ ስምንቱ ግን ወጥተው እንደ ቀሩ ሰዎች የውሃ ሽታ ሆኑ።

የጄምስ ብሩክስ ዕጣ የተሻለ ነበር። በኒው ዮርክ ላጓርዲያ አየር ማረፊያ፣ በክቡ አዳራሽ ዙሪያ 72 ሜትር ያህል የሚዞረውን «በረራ» የተሰኘ ሥዕሉን ፈጸመ፤ በ1950ዎቹ ያም በቀለም ተሸፈነ፤ በ1980 ተገልጦ ሲታደስ ግን ሠዓሊው በሕይወት ነበር። አሌክሳንደር ካልደር በ1958 የሠራው፣ በአየር ንቅናቄ የሚወዛወዝ ጥቁርና ነጭ ቅርጽ ደግሞ በፒትስበርግ አየር ማረፊያ ከተሰቀለ በኋላ የአውራጃው መለያ በሆኑት በአረንጓዴና በወርቃማ ቀለም ተቀባ፤ ወደ ቀድሞ መልኩ የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። አየር ማረፊያ ጥበብን በአንድ እጁ ይጋብዛል፤ በሌላው እጁ የቀለም ብሩሽ ይዟል።

ሆኖም የካልደር ሥራ ለዚህ ስፍራ አንድ ነገር አስተዋውቆ ነበር፤ እንቅስቃሴን። ብርሃንና ኮምፒዩተር ተከተሉት። በ1987 ማይክል ሄይደን በቺካጎው ኦሄር አየር ማረፊያ፣ ሁለት የመሳፈሪያ ክንፎችን በሚያገናኘው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ጣሪያ ላይ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ የኒዮን መብራቶችን ዘረጋ። በ2008 ትሮይካ የተባለው ቡድን ለለንደኑ ሂትሮው አምስተኛ ተርሚናል 4,638 የሚገለባበጡ ትናንሽ ክቦች የለበሰ «ደመና» ሠራ፤ የክቦቹ ስልት በቀድሞ ጊዜ የባቡርና የአውሮፕላን ሰዓት ይነግሩ ከነበሩት ሰሌዳዎች የተወረሰ ነው። በ2010 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ የተሰቀለው ሌላ «ደመና» በኤሌክትሪክ ኃይል የሚጠሩና የሚደፈርሱ ሰሌዳዎች ነበሩት፤ መልኩም ከልዩ ልዩ ከተሞች በሚደርሰው የአየር ጠባይ መረጃ ይለዋወጥ ነበር። በ2012 በሲንጋፖሩ ቻንጊ አየር ማረፊያ 1,216 የመዳብ ልብስ የለበሱ ጠብታዎች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሞተር እየወጡና እየወረዱ፣ በአየር ላይ ቅርጽ መሥራት ጀመሩ።

እነዚህ ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ፤ ነገር ግን መንገደኛው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የላቸውም። ቀጣዩ እርምጃ መንገደኛውን ማየት ነበር። በ2011 ክሪስቶፈር ጃኒ በማያሚ አየር ማረፊያ መተላለፊያ የቀለም መስታወትና ድምፅ አጣመረ፤ ፀሐይ ቀለሙን በወለሉ ላይ ስታፈስ፣ የእንቅስቃሴ መለያ መሣሪያ የሰዎችን ማለፍ እየተከታተለ የሚሰማውን ድምፅ ይለውጣል። በ2013 በሎስ አንጀለሱ ቶም ብራድሊ ተርሚናል የሞንትሪያሉ ሞመንት ፋክተሪ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆኖ 22 ሜትር ያህል የሚረዝም የሰዓት ማማ ሠራ፤ ግርጌው ለሚቀርበው ሰው ምላሽ ይሰጣል። በዚያው የቆሙት ባለ ምስል ዓምዶችም መንገደኛው በአጠገባቸው ሲያልፍ እርምጃውን ተከትለው ይለዋወጣሉ። አሠራሩ በጥቂት ቃል የሚነገር ነው፦ አንድ ዓይን እንቅስቃሴን ይለቅማል፣ ኮምፒዩተር ይተረጕማል፣ ብርሃን ወይም ድምፅ ይመልሳል። የጥያቄው ፍች ግን ተገለበጠ። ሊያየው ያልመጣውን ሰው ግድግዳው ራሱ አየው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በአየር ማረፊያ መታየት ቀላል ነገር አይደለም። ገና ከመግባታችን ፓስፖርታችን ይገለበጣል፣ ጫማችን ይፈተሻል፣ ጣታችን አሻራ ይሰጣል፣ ፊታችን ከፎቶግራፉ ጋር ይመሳከራል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ቦሌ ከሁሉ በፊት የስንብት ስፍራ ነው፤ ሸኚው ከደጅ ይመለሳል፣ ተጓዡ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው ዓይን ሁሉ የመርማሪ ዓይን ነው። ካሜራው ከካሜራ አይለይም፤ የሚለየው ጥያቄው ነው። የፍተሻው ዓይን «ማን ነህ? ከወዴት? ለምን?» ይላል። የጥበቡ ዓይን ስም አይጠይቅም፤ «መጣህ? እንግዲያስ በደህና እለፍ» ይላል። ወረቀቱ የተሟላውም፣ ወረቀቱ እየተመረመረ የሚንቀጠቀጠውም በዓምዱ ፊት እኩል ያበራሉ። ዓይኑ ያየውን መዝግቦ የሚያስቀር ከሆነ ግን ሰላምታው ሁለተኛ ፍተሻ ይሆናል። የዚህ ጥበብ ክብሩ፣ እንደ እኔ እምነት፣ አይቶ በመርሳቱ ላይ ነው።

ይህ ክብር ግን ዕዳም አለበት። ብራና ሲፋቅ እንኳ የቀድሞው ጽሕፈት ጥላው ይቀራል። የጎርኪን ሥዕል የለቀለቀው ቀለም ሳያውቀው ጠባቂው ሆነ፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ሸፍኖ አቆየው። የዛሬው ግድግዳ ግን መብራቱ ሲጠፋ ከሥሩ የሚፋቅ ነገር የለውም። ኮምፒዩተሩ ያረጃል፣ የሚጠግነው ባለሙያ ሥራ ይቀይራል፣ መለዋወጫው ከገበያ ይጠፋል፤ የቀረው ጥቁር መስታወት ብቻ ነው። ደግሞም ሥራው ግማሹ መንገደኛው ራሱ ነበር፤ ያንን እርምጃ፣ ያንን ማመንታት፣ እጁን ዘርግቶ ብርሃኑ ሲከተለው የሳቀውን ሕፃን የትኛው አዳሽ ይመልሰዋል?

ስለዚህ ሥራውን የሚያሠሩ አየር ማረፊያዎች ዕቅዱንና የኮምፒዩተር ትእዛዛቱን ከሥራው ጋር ቢያስቀምጡ መልካም ነው። የቀረው ድርሻ ግን የእኛ ነው፤ ቃል የምንወድ ሰዎች። አንባቢዎቼ ሆይ፣ በመንገዳችሁ ላይ እንዲህ ያለ ግድግዳ ካያችሁና እርሱም ካያችሁ፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደ መለሰላችሁ፣ ምን እንደ ተሰማችሁ በሁለት መስመር እንኳ ጻፉት። ለጎርኪ 14 ድርብ ቀለም ተርፎለታል፤ ለእነዚህ የሚተርፍላቸው የተመለከታቸው ሰው ምስክርነት ነው።