የሜዳ አህያ መዥገር
ሪፒሴፋለስ ፑልኬለስ፣ ወንዴ፣ በአልኮል የተቀመጠ

ይህ መዥገር ጥቁር ቡናማ ጀርባው ላይ ባለው የዝሆን ጥርስ የመሰለ ነጭ ዝንጉርጉር ይለያል። ሲፈለፈል እግሩ ስድስት፣ ሲያድግ ስምንት ነው። በየዕድገት ደረጃው አዲስ እንስሳ ላይ ወጥቶ ደም ይመጥጣል፤ ግመልና ከብት፣ ድኩላና የሜዳ አህያ ሁሉ ይመግቡታል።

ይኸው መዥገር በሚገኝበት በሶማሌ ክልል፣ በአውበሬና በውጫሌ በኩል ያለው ድንበር ከኢትዮጵያ የሚሰረቁ የአቦሸማኔ ግልገሎች ወደ ሶማሌላንድ ከሚሻገሩባቸው መስመሮች አንዱ ነው፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ይወሰዳሉ። አቦሸማኔ የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባሪ 1 ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቧል። በሣጥን የታጨቀ፣ የተራበ ግልገል መዥገሩን እንደተሸከመ ይጓዛል።

መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤዚያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ በእንስሳው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይራባል። በ2010 እ.ኤ.አ. ከደቡብ አፍሪካ አቦሸማኔዎች የተለየው ዝርያ ባቤዚያ ሌንጋው ይባላል። ግልገሉን ለሚይዝ ሰው ግን ይበልጥ የሚያሰጋው መዥገሩ ራሱ ነው፤ አንዳንድ መዥገሮች ትኩሳት የሚያመጣ ሪኬትሲያ የተባለ ባክቴሪያ፣ በተለይ ሃያሎማ የተባሉት ደግሞ የክሪሚያ ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ቫይረስን ያስተላልፋሉ።

መዥገር በጣት አይፈርጥም፤ ቫይረሱ ከፈረጠው መዥገርም ወደ ሰው ሊገባ ይችላል። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ፣ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይነቀላል።