ማስጠንቀቂያ ወይስ መርዶ?

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ክፉ ቀን መምጣቱን ከገበያ ያውቃል። የፍየል ዋጋ ወርዶ የእህል ሲሰቀል «ዘንድሮስ እንጃ!» ይላል። መንግሥትም ይህንኑ ቀድሞ ለመስማት ከወሎው የ1966 ረሃብ በኋላ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ።

ታዲያ ምን ተገኘ? በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መቸገሩን ለለጋሾች ተናገረ። ለጋሾቹ ቁጥሩን ተጠራጠሩ፤ ደርግም ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። ዓለም የደነገጠው በጥቅምት 1977 የኮረምን እልቂት በቴሌቪዥን ሲያይ ነው።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያው መች ጠፋ? የጠፋው ሰሚ ነው። ሥርዓቱ ይሻሻል ሲባል እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ወሬው ከቀበሌ ወጥቶ እህሉ እስኪደርስ ስንት ቀን ይፈጃል? ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ የሚደርስማ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ መርዶ ነው።