ብሔር ተሠራ፤ መንግሥትስ? የዶ/ር ረድኢ በረከተአብ መጻሕፍት

በአማርኛ ስለ ኤርትራ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ወይ እንጉርጉሮ ነው፣ ወይ ፉከራ። ከሁለቱም ለመራቅ የሚሻ አንባቢ የኤርትራዊውን የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር የዶ/ር ረድኢ በረከተአብን ሥራዎች ቢያነብ ይጠቀማል እላለሁ። አንደኛው መጽሐፋቸው ከ1890 እስከ 1991 የኤርትራ ብሔር እንዴት እንደተሠራ ይመረምራል። በ2009 የታተመው ሁለተኛው ደግሞ ከነጻነት በኋላ የተካሄደውን የመንግሥት ግንባታ ከነችግሩ፣ ከነስኬቱና ከነተስፋው ያትታል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእኛ ዘንድ «ኤርትራ የጣሊያን ሥሪት ናት» ማለት ክርክሩን የሚዘጋ ይመስለናል። ነገር ግን አብዛኛውን የአፍሪካ ድንበር ያሰመረው የአውሮፓውያን ብዕር ነው። ብዕሩ መሬት ይከልላል እንጂ ሕዝብን አንድ አያደርግም፤ አንድ የሚያደርገው አብሮ የተሸከመው ዕጣ ነው። በ1952 የተመሠረተው ፌዴሬሽን በ1962 ሲፈርስ የኤርትራ ምክር ቤትም አብሮ ከሰመ። መብቱን በሕግ የሚጠይቅበትን መድረክ ያጣ ሕዝብ በ1961 በተጀመረው የትጥቅ ትግል ዙሪያ ተሰባሰበ። በ1993ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 99.8 የሚሆነው ድምፅ ለነጻነት የተሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ብሔሩ ተሠርቷል እንበል። መንግሥቱስ? ግንባሩ በ1994 ናቅፋ ላይ ስሙን ለወጠ፤ የበረሃ ልማዱን፣ ማለትም ምስጢርን፣ ታዛዥነትንና መስዋዕትነትን ግን ይዞ ወደ ቢሮ ገባ። በሕጉ 18 ወር የነበረው ብሔራዊ አገልግሎት ማብቂያ የሌለው ሆነ። በመስከረም 2001 ለውጥ የጠየቁ 11 ነባር መሪዎች ታሰሩ፤ የግል ጋዜጦችም ተዘጉ።

የመንግሥቱ ደጋፊዎች ለዚህ ሁሉ ምክንያት አድርገው የሚያቀርቡት ከኢትዮጵያ ጋር የተካሄደውን ጦርነት ነው። የጦርነቱ ጠባሳ ከባድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በግንቦት 1997፣ ጦርነቱ የተጀመረው በግንቦት 1998 ነው። በመካከሉ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው የሰላም ጊዜ አልፏል። በ2018 የሰላም ስምምነት ሲፈረምም ሕገ መንግሥቱ ከመደርደሪያው አልወረደም።

ከእነዚህ መጻሕፍት የምወስደው ትምህርት የአስመራ ብቻ አይደለም። በዚያው በ1991 አዲስ አበባም ከጫካ የመጣ ግንባር ቤተ መንግሥት ገብቷል። መስዋዕትነት ብሔርን ሊወልድ ይችላል፤ መንግሥትን የሚያቆመው ግን ገዢውንም የሚገዛ ሕግ ነው። ነጻ ያወጣ ሁሉ ባለቤት ነኝ ካለ፣ ነጻ የወጣው ማን ነው?